ጓያ ለምን አንዱን ሰብሮ ሌላውን ይተዋል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የሦስተኛ ዓመት የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ‹አምስት ሚሊዮን ዶላር የምርምር ገንዘብ ብታገኙ ምን ትሠሩበታላችሁ?› የሚል የቤት ሥራ ሰጥቶናል። ጓደኞቼ ካንሰር፣ ወባ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እያሉ ነው። እኔ መምረጥ አቃተኝ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይመርጡ ነበር?»

ልጄ፣ መልሴ አንድ ቃል ነው። ጓያ።

ሳቅሽ ከዚህ ይሰማኛል። ጓደኞችሽ ካንሰር ብለው ሲቀመጡ አንቺ ተነስተሽ «ጓያ» ብትይ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ግን ትንሽ ታገሺኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ጥራጥሬ ሳዳቅል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሽምብራም ምስርም እጄ ላይ አልፈዋል። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ጓያ ብቻ ነው።

ከተማ ካደግሽ ጓያን በመልኩ ላታውቂው ትችያለሽ። በሆድሽ ግን ታውቂዋለሽ። ገበያ ላይ ረከስ ያለ ሽሮ ገዝታችሁ ከሆነ ሳይቀላቀልበት አይቀርም። ጣዕሙ ደግሞ አይታማም። ገጠር ውስጥ «ከጓያ ሽሮ የሚበልጥ የለም» ብሎ የሚሟገት ሰው ሞልቷል። እኔም ብሟገት አላፍርም።

ሰብሉ ጉደኛ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ብቻ ይዘራል። ፎገራ ላይ ሩዙ ከተነሳ በኋላ እዚያው ማሳ ላይ ይበተናል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች ናይትሮጅኑን ራሱ ከአየር ይሰበስባል። ውሃ ቢተኛበት አይሞትም። ከዚያ ውሃው ሄዶ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ቢሰነጣጠቅም ያፈራል። ፍሬው ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ፕሮቲን ነው። ዓለም ሁሉ «ድርቅ የሚችል ሰብል» እያለ ሲጮህ እኛ ጓሮ ውስጥ ተቀምጧል።

ታዲያ ምን ጎደለው? መርዝ አለበት። ኦዳፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሕንድ ውስጥ ነው ከፍሬው ተለይቶ የታወቀው። በአንጎላችንና በአከርካሪያችን ውስጥ ነርቮች የሚነጋገሩበት ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ኦዳፕ እሱን ይመስላል። ነርቡም ተታሎ ይቀበለዋል። ያለ ዕረፍት ሲቀሰቀስ የቆየ ነርብ በመጨረሻ ይሞታል። የሚጎዱት በተለይ እግርን የሚያዙት ረጃጅም ነርቦች ናቸው። ጓያ የሚበላበት አገር ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ «ጓያ ሰበረው» ይላል።

የሚገርምሽ፣ ይኸው ኦዳፕ ቻይናዎች ደም ለማቆም በሚጠቀሙበት አንድ የጂንሰንግ ዓይነት ሥር ውስጥም አለ። እዚያ መድኃኒት ተብሎ ይሸጣል። ይህን እዚህ ማንሳቴ ለምንም አይደለም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልውሰድሽ። የዛሬ ብዙ ዓመት ደምቢያ ውስጥ፣ የገበያ ቀን ነው። የዘር ናሙና ልሰበስብ ሄጄ ከአንድ የእህል ነጋዴ አጠገብ ተቀምጫለሁ። አርባዎቹን የጀመረ የሚመስል ሰው በሁለት ዱላ እየተደገፈ መጣ። ጉልበቶቹ በየእርምጃው እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ዓይኔ ጫማው ላይ ቀረ። የፕላስቲክ ጫማ ነው። ጫፉ ተበልቶ ጣቶቹ ወጥተዋል፤ ተረከዙ ግን ገና ከሱቅ እንደወጣ ነው። ተረከዙ መሬት ነክቶ አያውቅም ማለት ነው።

እንዴት እንደጀመረው ጠየቅኩት። «እርሻ ውዬ ማታ ገባሁ። ጠዋት ልነሳ ስል እግሬ እንቢ አለ። ይኸው ነው» አለኝ። ክፉ ዓመት ነበር፣ ሌላ እህል አልነበረም፣ ጓያ ብቻ ነበር የሚበሉት። ከዚያ ያላሰብኩትን ጨመረልኝ። «ወንድሜም ከዚያው ድስት ነው የበላ። እሱ ያርሳል።»

ያንን ቀን የሰበሰብኳቸው ናሙናዎች አንድም የማስታውሰው የለኝም። ይህች ዓረፍተ ነገር ግን አልወጣችም። አምስት ሚሊዮኔ የሚሄደው እሷ ላይ ነው። ከአንድ ድስት በልተው አንዱ ለምን ተሰበረ? ሌላው ለምን ያርሳል?

ምንም አይታወቅም ልልሽ አይደለም። ብዙ ተሠርቷል፤ ጥሩ ጥሩው ደግሞ በእኛው ሰዎች ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ደምቢያና ፎገራ ላይ ቤት ለቤት ዞረው ከሺህ ሰው ስድስት ያህሉ በጓያ የተሰበረ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተሙ። ከሺህ ስድስት ትንሽ ይመስላል። አንድ ትልቅ ቀበሌ ውስጥ ስንት ዱላ እንደሚሆን አስቢው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሰሜን ወሎ ደላንታ ላይ ወረርሽኝ ተነሳ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ጓደኞቻቸው ሄደው ስለ አበሳሰሉ ሳይቀር ጠየቁ። ጥሬ እሸቱና ንፍሮው አደጋውን ከፍ ያደርጉታል። ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ቅመም ገብቶበት የተሠራው ወጥ ግን ዝቅ ያደርገዋል። እኔ በበኩሌ ስለ ጓያ ከተጻፈው ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው እላለሁ። ምክንያቱም መፍትሔው ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ምድጃ ዳር እንዳለ ይጠቁማል።

ሌላው ምሳሌ ከሩቅ ነው፤ ታሪኩም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ፣ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ በምትገኘው ቫፕኒያርካ፣ በሩማኒያ አስተዳደር ሥር በነበረ ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች በቀን 400 ግራም ጓያ ይሰጣቸው ነበር። ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው እግራቸው መያዝ ጀመረ። አርተር ኬስለር የሚባል፣ ራሱም እስረኛ የሆነ ሐኪም ነገሩ ጓያ መሆኑን አወቀ። እስረኞቹ የረሃብ አድማ መቱ፤ ምግቡም ተቀየረ። ኬስለር ከጦርነቱ በኋላ እስራኤል ገብቶ የተረፉትን በሽተኞች ለአሥርት ዓመታት ተከታተለ። ያን ጊዜ የያዛቸው እግር አልተመለሰም። አልባሰም፣ አልዳነም።

በሽታው እንዲህ ነው። አንዴ ይሰብርሻል፣ እዚያው ይተውሻል። መድኃኒት የለውም። ቶልፐሪዞን የሚባል የጡንቻ ማላሊያ እዚሁ አገራችን ተሞክሮ መገተሩን ቀነስ ሲያደርግ ታይቷል፤ ነርቡን ግን የሚመልስ ነገር የለም። አእምሮ አይነካም፤ ዕድሜም ብዙ አያሳጥርም። ሰውየው ሙሉ ዕድሜውን ሙሉ ሐሳቡን ይዞ በዱላ ይኖራል። ለዚህ ነው ይመስለኛል የዓለም ገንዘብ የማያየው። አይገድልም፣ አይተላለፍም፣ የሚይዘውም ምንም የሌለውን ሰው ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በይ። የነገርኩሽ ጥናቶች በሙሉ የተሠሩት እግር ከተሰበረ በኋላ ነው። ወረርሽኝ ይነሳል፣ ወሬው ከተማ ይደርሳል፣ ገንዘብ ይፈለጋል፣ መኪና ይፈቀዳል፣ ተመራማሪ ይሄዳል። በዚህ መሀል ድርቁ አልፏል። ድስቱ ታጥቧል። የተበላው ጓያ ተበልቶ አልቋል፤ ምን ያህል መርዝ እንደነበረበት የሚለካ ፍሬ የለም። ደሙም ተቀይሯል። የሚቀረው ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው፦ «አምና ስንት ጊዜ በላህ?» አንቺ ባለፈው ሳምንት ስንት እንጀራ እንደበላሽ ታስታውሻለሽ?

ትልቅ ገንዘብ የሚገዛው ይህንን ነው። ብዙ ሰው ትልቅ ገንዘብ ትልቅ ማሽን ይመስለዋል። እኔ የምገዛበት ጊዜ ነው፤ መጠበቅን ነው የምገዛው። የሁለት ዓመት ድጎማ ይዞ ድርቅ መጠበቅ አይቻልም። በሁለት ዓመት ውስጥ ዝናቡ ጥሩ ከሆነ ሪፖርትሽ ባዶ ነው፤ ለጋሹም «ውጤቱ የታለ?» ይላል። እኔ አሥር ዓመት እፈልጋለሁ። ጓያ በሚበዛባቸው ወረዳዎች፣ ጣና ዙሪያ፣ ደቡብ ጎንደር፣ ጎጃም፣ በቾ ሜዳ ላይ ቤተሰቦችን በፈቃዳቸው እመዘግባለሁ። ጥሩ ዓመትም ይሁን ክፉ በየወሩ አንድ ሰው ቤታቸው ይደርሳል። ከጎታው አንድ እፍኝ ጓያ ይወስዳል። የተበላውን ይመዘግባል፤ በምን ተሠራ፣ ታጥቦ ነው ወይስ ሳይታጠብ፣ ምን ተቀላቀለበት። በዓመት ሁለት ጊዜ ደም። እና አንድ የጉልበት መዶሻ።

ስለ መዶሻዋ ትንሽ ልቆይ። ሐኪም ጉልበትሽ ሥር መታ ሲያደርግሽ እግርሽ የሚፈናጠረው ነገር ነው። ጓያ የሚይዘው ሰው ከመሰበሩ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ባቱን ቁርጠት ይይዘዋል። እግሩ ይከብደዋል። ጉልበቱ ሲመታ ከልክ በላይ ይፈናጠራል። ይህን ለማየት ስካነር አያስፈልግም። የመዶሻዋ ዋጋ ከአንድ ኪሎ ቡና አይበልጥም። የምትመታው ልጅ ግን መሠልጠን አለባት፤ በየወሩ መምጣት አለባት፤ ደመወዟም መቆረጥ የለበትም። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ሥራ በዝቶባቸዋል፤ ስለዚህ በእነሱ ጫንቃ ላይ አልጭንም። ከእነሱ ጎን አንድ የአካባቢው ልጅ እቀጥራለሁ። የገንዘቤ ትልቁ ክፍል የሚሄደው እዚህ ነው። ለጋሾች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። «ደመወዝ» የሚለው መስመር ከ«መሣሪያ» ሲበልጥ ደስ አይላቸውም።

እዚህ ጋ አንድ ጭንቅ አለ። አንቺም ክፍል ውስጥ ይህን ካላነሳሽ አንዱ ያነሳብሻል። ጥናቱ መልስ እንዲያገኝ ሰው መሰበር አለበት እንዴ? ጓያ ብቻ እየበላ ሦስተኛ ወሩን የያዘ ቤተሰብ መዝገቤ ላይ እያየሁ ዝም ልል ነው? አልችልም። ማንም ሰው ነኝ የሚል አይችልም። ስለዚህ አደገኛው መስመር ላይ ለደረሰ ቤት ወዲያው እህል ይገባል። ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ የተገኘው። ከጓያው ጋር እንዲቀላቀል። ይህ ማለት ራሴው ጥናቴን አበላሻለሁ ማለት ነው፤ የተሰበረ ሰው ከሌለ የምቆጥረው የለኝም።

ግን ስታስቢው መውጫ አለው። ስብራትን መቁጠር የለብኝም፤ ከስብራት በፊት ያለውን መንገድ ማየት እችላለሁ። የባት ቁርጠት የጀመረው ማን ነው? ጉልበቱ የፈናጠረው ማን ነው? በዚያ ሳምንት ደሙ ውስጥ ምን ጎደለ? እህል ሲገባ ምልክቱ ስንት ቀን ውስጥ ጠፋ? አንድ የሚያጓጓኝ ጥርጣሬ አለ። ጓያ ሜቲዮኒን የሚባለው፣ ሰልፈር ያለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ሰውነት ነርቡን ከቃጠሎ የሚከላከልበትን ግሉታታዮን የሚሠራው ደግሞ በሰልፈር ነው። ጤፍና ሌሎቹ እህሎች ከጓያ የተሻለ አላቸው። እንግዲህ እህል ሲቀላቀል መርዙን ማቅጠኑ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ማርከሻውንም ይዞ ይመጣል ማለት ነው። የዚያ ሰውዬ ወንድም ምናልባት ጎረቤት ቤት ቂጣ ይበላ ነበር። ምናልባት ወተት ያገኝ ነበር። ምናልባት ያን ሰሞን ተቅማጥ አልያዘውም፤ እርሻ ላይ ያን ያህል አልደከመም። ወይም በደሙ የወረሰው ነገር አለ። በሽታው ከሴት ይልቅ ወንዶችን፣ በተለይ ወጣቶችን የሚያበዛበት ምክንያትም እስካሁን በቅጡ አልተፈታም። ይህን ሁሉ «ምናልባት» በአይጥ እንዳንፈታው ደግሞ አይጥ እንደ ሰው አይሰበርም። ኦዳፕ ሰጥተሽ ሰው ላይ የሚታየውን ዓይነት ስብራት በእንስሳ ላይ ማምጣት ተመራማሪዎችን ያሰለቸ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። «ለምን መርዝ የሌለው ዘር አታወጡም?» ትይኛለሽ። ሁሉም ይላል። በየጂን ባንኩ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች ተፈትሸዋል። ፍጹም ኦዳፕ የሌለው ጓያ አልተገኘም። ዝቅ ያለ ግን አለ። እኛ አገር ዋሴ የሚባል ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቋል፤ ኦዳፑ 0.1 በመቶ ገደማ ነው። አውስትራሊያ፣ ሕንድና ባንግላዴሽም የየራሳቸው አላቸው። በጂን በኩልም በሩ ተከፍቷል። የጓያ ጂኖም፣ የዘር መመሪያው ሙሉ ጽሑፍ ማለት ነው፣ ትልቅ ነው፤ ከስድስት ቢሊዮን ፊደል በላይ፣ የሰውን እጥፍ ማለት ነው። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 ረቂቁ ታትሞ ኦዳፕን የሚሠራው ኢንዛይም ጂኑ የት እንዳለ ታውቋል። ጓደኞችሽን ለማስደነቅ ከፈለግሽ «ጂን ኤዲቲንግ» ማለት የምትችይው እዚህ ላይ ነው። እኔም ከገንዘቡ ጥሩ ቁራሽ እዚህ አደርጋለሁ።

ቁራሽ ያልኩት ተቃጥዬ ስለማውቅ ነው። አንድ ጊዜ ዝቅተኛ ኦዳፕ ያለውን ዘር ለአንድ ገበሬ በኩራት ሰጠሁ። በጣሳ ሰፍሬ፣ እጁን ጨብጬ፣ ፎቶም ተነስተናል። በሦስተኛው ዓመት ሄጄ ናሙና አመጣሁና አስለካሁ። ቁጥሩ ከጎረቤቶቹ ጓያ የሚለይ አልነበረም። መጀመሪያ ላቦራቶሪውን ተጠራጠርኩ። ከዚያ ገበሬውን፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ኋላ ማሳው ዳር ቁጭ ብዬ ሳይ ነው የገባኝ። የሰማያዊ አበባ ባሕር ነው፣ ንቦቹም ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሥራ ላይ ናቸው። ጓያ ራሱን በራሱ ያዳቅላል ብለን እናስተምራለን። ንቧ ይህን ትምህርት አልተማረችም። በየማሳው ዙሪያ የቆየው ዘር ካለ በጥቂት ዓመት ተደባልቆ ያልቃል። ገበሬው ደግሞ ዘሩን ከጎታው ነው የሚያወጣው። በየዓመቱ አዲስ ዘር ግዛ ብትይው ይስቅብሻል፤ ጓያ የድሃ ሰብል የሆነውኮ ስለማይገዛ ነው።

ንቧ ብቻ ብትሆን ደግ ነበር። ያው አንዱ ዘር በድርቅ ሲጨነቅ ኦዳፑን ከፍ ያደርጋል። ዚንክ ያነሰው አፈር ላይም እንዲሁ። ነገሩን ገጣጥሚው። ሰው ጓያ ብቻ የሚበላው በድርቅ ዓመት ነው። ጓያውም መርዙን የሚያበዛው በዚያው ዓመት ነው። ውሃም በዚያው ዓመት ስለሚጠፋ ሴትየዋ ዘፍዝፋ ውሃውን መድፋት ትተዋለች። ሦስቱ በአንድ ወር ይገናኛሉ። ስለዚህ የእኔ የዘር ሙከራ በለማ የምርምር ጣቢያ መሬት ላይ አይደረግም። ገበሬው በሚያርሰው ጥቁር አፈር፣ ሆን ተብሎ ውሃ በተከለከለ ማሳ፣ ዚንክ ተሰጥቶና ሳይሰጥ። እዚያ ዝቅ ብሎ የተገኘ ዘር ካለ እሱን እወዳለሁ። አንድ ሙሉ ጎጥ በአንድ ዓመት ዘሩን ቢቀይር ንቧን ማሸነፍ ይቻል እንደሆነም እሞክራለሁ። ይህ ከጂን ይልቅ የሽማግሌና የዕድር ሥራ ነው።

ቀጥሎ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያጓጓው እሱ ነው። ኦዳፕ ዛሬ የሚለካው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የተለመደው ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ የመጣ ነው። ዱቄቱ በአልካሊ ይቀቀላል፣ ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ቢጫነቱ በማሽን ይነበባል። ሥራው ይሠራል። ግን ናሙናው ከደላንታ ተጭኖ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ መብራት ጠፍቶ መጥቶ፣ ውጤቱ ሲደርስ ጓያው ተበልቷል። እኔ የምፈልገው የእርግዝና መመርመሪያ የመሰለች ወረቀት ነው። ሴትየዋ የዘፈዘፈችበትን ውሃ ጠብ አድርጋባት ቀለሟን የምታይበት። ዋጋዋ ከአንድ ሲኒ ቡና በታች። ይህ ቢሳካ ገበሬው የራሱን ዘር ራሱ ይመርጣል፤ እኔን አይጠብቅም። የሙያዬን ግማሽ ሥራ ያሳጣኛል፣ ይሁን።

«ታዲያ ለምን አይከለከልም?» የሚልም አይጠፋም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን ከልክላ ነበር። መዘራቱ ግን አልቆመም። ዝናብ ሲቀር የሚያፈራው እሱ ብቻ ከሆነ ሰው ምን ይብላ? የከለከልሽው ሰብል ከገበያ ይጠፋል፣ ከድስት ግን አይጠፋም። ተመራማሪም እንደሸሸው ይቀራል፤ የተከለከለ ነገር ላይ ማን ገንዘብ ይሰጣል?

ስለ እምነቱም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቦታ የጓያ እንፋሎት ይሰብራል ይባላል። ሲቀቀል አፍንጫ ይሸፈናል፤ አበባ ባወጣ ማሳ መሀል አይታለፍም። ወጣት ሳለሁ በዚህ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። ሰው ነገሩ ጓያ መሆኑን ከእኛ ቀድሞ አውቋል፤ የሳተው በሩን ብቻ ነው። ግን መዘዝ አለው። እንፋሎቱን ሸሽታ ንፍሮውን የምትበላ እናት ተጠንቅቄያለሁ ብላ ታምናለች።

በገንዘቡ የማልገዛውንም ልንገርሽ። ሕንፃ አልሠራም። በየወሩ አዳራሽ ተከራይቼ ዎርክሾፕ አላደርግም። አምስት አዲስ መኪና አልገዛም፤ ሁለት ያገለገሉ ይበቁኛል፣ ለቀረው ሞተር ሳይክል። የደም ናሙና ማቀዝቀዣ ግን ከነጄኔሬተሩ ሁለት እገዛለሁ። አንድ የማውቀው ተቋም ውስጥ የዓመታት ናሙና በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሲቀልጥ አይቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ወለሉ ላይ የተኛውን ውሃ ያየ ሰው ስለ ጄኔሬተር አይከራከርም። ከገንዘቡም አንድ አምስተኛውን አልነካውም፤ የክፉ ዓመት እህል መግዣ ሆኖ ይቀመጣል። ሒሳብ ሠራተኛው «ይህ ምርምር ነው ወይስ ዕርዳታ?» ብሎ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። ሁለቱም ነው እለዋለሁ። ፎርሙ ላይ ለዚህ ሳጥን የለውም።

ለቤት ሥራሽ ጓያን ውሰጂ አልልሽም። ወባ ከወደድሽ ወባን ጻፊ። ግን ከመጻፍሽ በፊት «ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት መጠበቅ አለብኝ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። አምስት ሚሊዮን ዶላር ብዙ የሚመስለው በአንድ ዓመት ሲወጣ ነው። ለአሥር ዓመት ስታካፍይው፣ ለሠላሳ የመንደር ልጆች ደመወዝ፣ ለነዳጅ፣ ለወረቀቷ ሙከራ፣ ለዘሩና ለእህሉ ስትመድቢው እንዴት እንደሚያጥር ታያለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ካነበብሽ በኋላ እናትሽን እንዳትጨቀጭቂያት። እንጀራም፣ አትክልትም፣ ሌላም ነገር በሚበላበት ቤት አልፎ አልፎ የጓያ ሽሮ መብላት እግር አይሰብርም። አደጋው ጓያ ዋናው ምግብ ሆኖ ለሁለት ሦስት ወር ሲዘልቅ ነው። ቤታችሁ ክኩን የምታዘጋጁት ራሳችሁ ከሆነ ማታ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውሃውን ድፉት፤ ከመርዙ ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ጋር አስፈጩት። ነጭ ሽንኩርቱን አትሰስቱ።